የኔትወርክ ደኅንነት በጀት፦ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የጥበቃውን ወጪ ማን ይሸፍናል?

በአውሮፓውያኑ ሐምሌ 2023 መጨረሻ ላይ ፓስፖርት ለማሳደስ፣ የንግድ ፈቃድ ለማውጣት ወይም የባቡር ትኬት ለመቁረጥ የሞከሩ ኬንያውያን ለቀናት ተጉላሉ። ከ5 ሺህ በላይ የመንግሥት አገልግሎቶች የሚሰጡበት "ኢሲቲዝን" የተሰኘው መድረክ፣ ራሱን "አኖኒመስ ሱዳን" ብሎ በሚጠራ ቡድን ጥቃት ተስተጓጉሎ ነበር። የኦንላይን ቪዛው ባለመሥራቱም መንግሥት ተጓዦች አገር ሲገቡ ቪዛ እንዲሰጣቸው ለመፍቀድ ተገደደ።

የቡድኑ ዘዴ እምብዛም ረቂቅ አልነበረም። ሰርቨሮችን በሐሰተኛ ጥያቄዎች ጎርፍ ማጨናነቅ ነው። መከላከያውም የታወቀ ነው፦ የሚመጣውን ጥያቄ እያጣራ ሐሰተኛውን የሚያስቀር አገልግሎት። ይህ ግን አንዴ ተገዝቶ የሚቀመጥ ዕቃ ሳይሆን ክፍያው በየጊዜው የሚታደስ አገልግሎት ነው። የቀጣናው መንግሥታት የበጀት ፈተናም እዚህ ላይ ይጀምራል።

የሁለት በጀቶች ልዩነት

በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ትልልቅ የዲጂታል ሥራዎች የሚጀመሩት በብድር ወይም በእርዳታ ነው። የዓለም ባንክ በ2021 ለኢትዮጵያ የዲጂታል ዘርፍ ያጸደቀው 200 ሚሊዮን ዶላር ለዚህ አንድ ማሳያ ነው። የፕሮጀክት ገንዘብ የጊዜ ገደብ አለው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የሶፍትዌር ፈቃድ እድሳቱና ሌሊት ተረኛ ሆኖ ኔትወርኩን የሚከታተለው ባለሙያ ደመወዝ ወደ መደበኛ በጀት ይዛወራሉ።

በዚያ ደግሞ ከትምህርት ቤትና ከጤና ጣቢያ ወጪ ጋር ይሻማሉ። በጥበቃ ምክንያት ሳይደርስ የቀረ ጥቃት በሪፖርት ላይ አይታይም። በመሆኑም በጀት ሲጠብ ይህን ወጪ መቀነስ ለባለሥልጣናት ቀላል ይሆናል።

የውጭ ምንዛሪው ጉዳይ ችግሩን ያባብሰዋል። ኢትዮጵያ በሐምሌ 2024 የብርን ምንዛሪ ለገበያ ስትተው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚታደስ ፈቃድ ዋጋው ባይጨምርም በብር ሲሰላ እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። በብር የተያዘ የጥበቃ በጀት በቁጥር ሳይነካ የመግዛት አቅሙን ግማሽ ያህል አጣ ማለት ነው።

አደጋው ከመንታፊ ብቻ አይመጣም

በ2017 አንድ መርከብ የባሕር ውስጥ ገመድ በመበጠሱ ሞቃዲሾና ሌሎች የሶማሊያ አካባቢዎች ለሦስት ሳምንታት ገደማ ኢንተርኔት ተቋርጦባቸው ነበር። መንግሥት በወቅቱ ኪሳራውን በቀን 10 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። ተለዋጭ መስመር በደህናው ቀን ትርፍ ወጪ ይመስላል፤ ዋጋው የሚታወቀው የመጀመሪያው ሲቋረጥ ነው።

በመጋቢት 2024 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ በርካታ ተማሪዎችን ጨምሮ፣ በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ ጉድለቱን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ሲል የገለጸ ሲሆን፣ ምክንያቱም የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የራሱ ሥርዓት እክል መሆኑን አስታውቋል። በኡጋንዳ ደግሞ በማዕከላዊ ባንኩ በኩል የመንግሥት ገንዘብ ወደ ውጭ አገር ሒሳቦች መዛወሩ በ2024 መጨረሻ ሲሰማ፣ መጀመሪያ የተጠረጠሩት የውጭ መንታፊዎች ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ግን የተከሰሱት የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሥልጣናት ናቸው።

ሦስቱም ጉዳዮች ውድ የመከላከያ መሣሪያ በመግዛት ብቻ የሚፈቱ አልነበሩም። የሶማሊያው ተለዋጭ መስመርን፣ የኢትዮጵያው ለውጥ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የሚደረግ ፍተሻን፣ የኡጋንዳው ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ክፍያ እንዳያሳልፍ የሚያደርግ ቁጥጥርን ይጠይቃሉ። የኋለኞቹ ሁለቱ በዋናነት የሰለጠነ ሰው፣ ጊዜና የማይቋረጥ ደመወዝ ይሻሉ።

ከየት ይጀመር?

ከድህነትና ከግጭት ጋር የሚታገሉ አገሮች ሁሉንም ነገር እኩል መጠበቅ አይችሉም። በመሆኑም በጀቱ "ምን እንግዛ?" ከሚለው በፊት "የትኛው አገልግሎት ለአንድ ቀን ቢቋረጥ ምን ያህል እናጣለን?" የሚለውን ሊመልስ ይገባል። የክፍያ ሥርዓት፣ የሆስፒታል መዝገብና የኤሌክትሪክ ቁጥጥር ከአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ይቀድማሉ።

የኢትዮጵያ፣ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያ የበጀት ዓመት ሐምሌ ላይ ይጀምራል። እንደራሴዎች አዲስ የዲጂታል ፕሮጀክት ሲቀርብላቸው ከግንባታው ወጪ ጎን የአምስት ዓመት የጥበቃ ወጪው እንዲቀመጥ መጠየቅ ይችላሉ። ይህ ካልሆነ ሒሳቡ የሚቀርበው ሥርዓቱ በቆመ ዕለት ነው፤ ከፋዩም በየመስኮቱ የሚጉላላው ዜጋ ይሆናል።