ከቅጽሩ የማያልፍ ጥበቃ

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፣ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የቀሩት ደኖች የአገር በቀል ዛፎች የመጨረሻ መጠለያ ሆነዋል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨትና ሎል ተሰባስበው የሚገኙት በብዙ አካባቢ ከቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ ብቻ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር ባጠኗቸው 28 ደኖች 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎች መዝግበዋል፤ ከደኖቹ ትንሹ ሁለት ሄክታር እንኳ አይሞላም። ይህ ሀብት በዓለም ከታወቀ ወዲህ በስብከትም በመገናኛ ብዙኃንም አንድ አሳብ ሥር ሰድዷል፤ ቤተ ክርስቲያን ተፈጥሮን ስትጠብቅ ኖራለች፣ ስለዚህ በዚህ ረገድ የሚጎድላት የለም የሚል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ደኖቹን ራሳቸውን እየጎዳ ነው።

ደኑን ያቆየው የታቦቱ ክብር ነው። ካህናቱም ምእመናኑም ዛፉን የሚያዩት እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ልብስ ነው፤ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ነውር ነው፣ ያስገዝታልም። የተመራማሪዋ የካትሪን ካርዴሉስ የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ጥበቃው በቀጥታ ለዛፉ የታሰበ ሳይሆን ለመቅደሱ ከሚደረገው እንክብካቤ የተገኘ ትርፍ ነው። ይህ ጥበቃውን አያሳንሰውም። መንግሥታት ሲለዋወጡና አዋጆች ሲሻሩ ያልተናወጠ ኃይል ነው። ነገር ግን ቅድስናው የተሰጠው ለቦታው ስለሆነ ኃይሉ ቅጽሩ ላይ ያበቃል። በበሩ ሲያልፍ ጫማውን አውልቆ ዛፉን የማይነካው ገበሬ፣ ከበሩ ውጭ የተራቆተውን ተዳፋት ሲያርስ ያንኑ እምነቱን የሚመለከት ነገር ያለ አይመስለውም። ጥፋቱ የገበሬው አይደለም፤ ማገዶ የሌለው ሰው ኩበት ያነዳል፣ መሬት የጠበበው ዳገት ያርሳል። የማርያምን ዛፍ መቁረጥ ኃጢአት እንደሆነ ሲነገረው የኖረ ሰው፣ አፈሩን ለጎርፍ ስለ መተው ግን በኑዛዜ ጊዜ ተጠይቆ አያውቅም።

ቤተ ክርስቲያን ተፈጥሮን ጠብቃለች የሚለው ውዳሴ ከዚህ የከፋ ነገርም ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ1938 ጣሊያኖች ከአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶግራፎች ከአሁኖቹ የሳተላይት ምስሎች ጋር ሲነጻጸሩ ብዙዎቹ ደኖች ቦታቸውን እንደያዙ ናቸው፤ ይህም በኩራት ይጠቀሳል። ከላይ የሚታየው ግን የትልልቆቹ ዛፎች አናት ነው። ከሥር ከብትና ፍየል በሚገባበት ደን ችግኝ አያድግም። ዶክተር ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው በጽድ፣ በወይራ፣ በጥቁር እንጨትና በሎል ላይ ባደረጉት ሙከራ ልቅ ግጦሽ የችግኞችን ብቅለትም ሕይወትም ክፉኛ እንደሚጎዳ አሳይተዋል። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው ደግሞ አብዛኞቹ ዋና ዋና ዛፎች በአፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚቆይ የዘር ክምችት የሌላቸው መሆኑ ነው። የዛሬው ትልቅ ዛፍ ከወደቀ በኋላ ነገ ከመሬት ይነሣል ተብሎ የሚጠበቅ ዘር የለም ማለት ነው። ልጅ የማይወለድበት የሽማግሌዎች ቤት ዛሬ ቢሞላም ነገ ባዶ እንደሚሆን ሁሉ፣ ለምለም የሚመስለው ደንም ዘመኑ ሊያልቅ ይችላል።

ጉዳቱ ከከብት ብቻ ቢሆን በቀለለ። አንዳንዱ የሚደርሰው በአጥቢያዋ ውሳኔ ነው። በሣር ክዳን ወይም በቆርቆሮ የነበረው ክብ ሕንፃ በሰፊ የሲሚንቶ ሕንፃ ሲተካ በዙሪያው ያለው ዛፍ ይመነጠራል። አንድ ሰው ተቀብሮ ሣር ይበቅልበት የነበረው መካነ መቃብር በሲሚንቶና በእብነ በረድ ይሸፈናል። በዳር በዳሩ ባሕር ዛፍ ይተከላል። ይህኛው ምክንያት አለው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያንን ከርስቷና ከጉልቷ ለይቷታል፤ የካህናት መተዳደሪያና የአብነት ተማሪው እንጀራ ከምእመናን መዋጮ ላይ ወደቀ። ፈጥኖ የሚያድግና የሚሸጥ ዛፍ ባዶ ለሆነ ካዝና መልስ መስሎ መታየቱ አያስደንቅም። ቢሆንም ባሕር ዛፍ በደረሰበት ሥር ሌላው ዕፅ ብዙም አይበቅልም፤ ከሩቅ አረንጓዴ የሚመስለው የደኑ ጠርዝም ከውስጥ ሌላ ነገር ሆኖ ቆይቷል። ደኑ ሰፋ ተብሎ ሲወራ የሰፋው ምን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለዚህ ሁሉ ትምህርት ጠፍቶ አይደለም። ከሰኔ 26 ጀምሮ ድጓው ስለ ዘርዕና ስለ ደመና ይዘምራል፤ ዘመነ ክረምት ሙሉ ወቅት ሆኖ በቅዱስ ያሬድ ዜማ ይታሰባል። በቅዳሴውም ስለ ዝናምና ስለ ምድር ፍሬ ይጸለያል። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት እንደሆነ ይናገራል። ይሁንና ይህን የሚሰማው ምእመን ስለ ማሳውና ስለ ምንጩ እንደተነገረው እንዲያውቅ የሚያደርገው ስብከት ጥቂት ነው። ዘሩ የእግዚአብሔር ቃል፣ ምድሪቱ የሰው ልብ ተብሎ ይተረጎማል፤ ትርጓሜው ትክክል ነው፣ ነገር ግን ምሥጢሩ የቆመበትን እውነተኛ አፈር መርሳት የለበትም።

በምትኩ የተስፋፋው የዘመቻ ሥራ ነው። በክረምት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ችግኝ ይተክላሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፣ የተተከለው ቁጥር ይነገራል፤ በመጋቢት ድርቅ ስንቱ እንደተረፈ የሚቆጥር ግን እምብዛም አይገኝም። በጥምቀት ማግስት ደግሞ የታቦት ማደሪያው ሜዳ በውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሞላል። አንዳንድ ቦታ ወጣቶች ራሳቸው አስተባብረው ያጸዱታል፤ ያ ሊመሰገን ይገባዋል፣ ግን መጀመሪያ ጠርሙሱን ያመጣውን ልማድ አልነካም።

የሚሠራ መንገድ እንዳለ ደቡብ ጎንደር አሳይቷል። በአንዳንድ አጥቢያዎች ካህናትና ገበሬዎች ከእርሻቸው የለቀሙትን ድንጋይ በደኑ ዙሪያ ካብ አድርገውታል፤ ማሳው ከድንጋይ ጸድቶ፣ ደኑ ከከብት ተከልሏል። ይህን ለማድረግ ከሩቅ የሚመጣ በጀት ከመጠበቅ በፊት የሰበካ ጉባኤው ውሳኔ ይበቃል። ያው ጉባኤ አዲስ ሕንፃ ሲታቀድ የሚቆረጠውን ዛፍ አስቀድሞ መቁጠር፣ ባሕር ዛፉን ከዐጸዱ ውጭ ወዳለ መሬት ማዛወር፣ የሲሚንቶ መቃብርን መገደብ፣ ከደኑ የተሰበሰበ የወይራና የዝግባ ዘር አፍልቶ ለምእመናን ማደል ይችላል። ችግኙ በገበሬው ማሳ ዳርና በቦረቦሩ አፍ ላይ ሲጸድቅ ጥበቃው ከቅጽሩ ወጣ ይባላል። ንስሐ አባቱም ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ ሲጠይቅ ስለ መሬቱ አያያዝ አብሮ ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህን የሚከለክል ቀኖና የለም።