እንስሳውን ሸጠው ፀሐዩን ያስቀሩት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ደወለና «አንተ፣ እንሽላሊት አሳክሞ አራት መቶ ዶላር ከፈለ እያሉ ያሙሃል፤ እውነት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እውነት ነው። ከሦስት ወር በፊት ስለ ሌላ ሰው ቢነገረኝ እኔም እስቅ ነበር። አሁን ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ምክንያቱን ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሌላ ግዛት ሲዛወር «ይዤው መሄድ አልቻልኩም፤ ለልጅህ ውሰድለት» ብሎ አንድ እንሽላሊት ከነመስታወት ሣጥኑ ሰጠኝ። በእንግሊዝኛ «ቢርድድ ድራገን» ይሉታል፤ ጢማም ዘንዶ እንደ ማለት ነው። ስሙ አያስደንግጣችሁ። አድጎ እንኳ ከራሱ እስከ ጅራቱ ጫፍ አንድ ክንድ ገደማ ቢሆን ነው። ጢማም የተባለው ሲቆጣ ጉሮሮውን ነፍቶ ስለሚያጠቁረው ነው። አገር ቤት ድንጋይ ላይ ወጥቶ ፀሐይ እየሞቀ ራሱን የሚነቀንቀውን ገበሎ ታውቁት የለም? የእሱ ዘመድ ነው፤ የትውልድ አገሩ ግን የአውስትራሊያ ደረቅ ምድር ነው። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ መልኩን አይቶ «ቡላ» ብሎ ሰየመው።

በመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ልጄ ጠራኝ። ቡላ ፌንጣውን ያያል፣ ይጠጋል፣ አፉን ይከፍታል፤ ግን መያዝ አይችልም። የፊት እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሲራመድ ሰውነቱን ከመሬት ማንሳት አቅቶት ሆዱን ይጎትታል። እኔ «አዲስ ቤት ነው፣ ይለምዳል» ብዬ ነበር። አልለመደም።

ሐኪም መፈለግ ጀመርን። ውሻና ድመት የሚያክም በየመንገዱ አለ፤ እንሽላሊት ሲባል ግን ሦስቱ «አናክምም» አሉን። አራተኛዋን ለማግኘት አንድ ሰዓት ያህል ነዳን። ሐኪሟ የቡላን የታችኛውን መንጋጋ በጣቷ ቀስ ብላ ስትጫነው እንደ ላስቲክ ታጠፈ። ልጄ ፊቱን አዞረ። ራጅ ሲነሳ ሁለቱ የፊት እግሮቹ ተሰብረው፣ ማንም ሳያያቸው፣ ተጣመው እንደ ገጠሙ ታየ። ምርመራው፣ ራጁና መድኃኒቱ ተደምሮ 412 ዶላር መጣ።

በሽታው ባዕድ አይደለም። እናቶቻችን ሕፃን ልጅ ቅቤ ቀብተው የጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁት ለምንድን ነው? ፀሐይ ያጣ ሕፃን አጥንቱ እንዲለሰልስ፣ እግሩ እንዲጣመም፣ ሪኬትስ የሚባለው ነገር እንዲመጣ እናውቃለን። የቡላም ከዚህ የራቀ አይደለም። ፀሐይ ውስጥ ያለው አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳው ላይ ሲያርፍ ሰውነቱ ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ በዚያ ቫይታሚን ከምግቡ ካልሲየም ይወስዳል። ጨረሩ ወይም ካልሲየሙ ሲጎድል፣ ልቡና ጡንቻው እንዳይቆሙ ሰውነቱ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ እየሸረሸረ ያወጣል። ይህን የሚያደርገው በዝምታ ነው። እንሽላሊት አይጮኽም፣ አያለቅስም። መንቀጥቀጡ ሲታይ አጥንቱ ከተበላ ቆይቷል።

ከሐኪም ቤት ስንመለስ ልጄ መኪና ውስጥ «አባዬ፣ ማን መታው?» አለኝ። «ማንም አልመታውም» አልኩት። «ታዲያ ማን ሰበረው?» አለኝ።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው።

ባልደረባዬን ደውዬ ጠየቅኩት። ደነገጠ፤ አፈረም። ክፉ ሰው አይደለም። ቡላን ከነሣጥኑ ከአንድ የእንስሳት መሸጫ ሲገዛ የተሰጠውን ደረሰኝና ወረቀት ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ለእንስሳው የከፈለው 60 ዶላር ነው። ከእሱ ጋር «ለጀማሪ የሚያስፈልገው ሁሉ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሣጥን ገዝቷል። ውስጡ ምን ነበር? ሙቀት ብቻ የሚሰጥ ቀይ አምፖል፣ አንድ ከረጢት አሸዋና ሁለት ሳህን። አልትራቫዮሌት የሚሰጠው ረጅሙ አምፖል የለም። «የሚያስፈልገው ሁሉ» ሲባል ዋናው ነገር የለም!

ሣጥኑ ለጫጩቱ ይበቃ ይሆናል፤ ላደገው ግን ቢያንስ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቤት ያስፈልገዋል። አሸዋው እንስሳው ከምግቡ ጋር ሲውጠው አንጀቱን ሊዘጋ የሚችል ነው። ባልደረባዬ «ፀሐይ ያግኝ» ብሎ ሣጥኑን መስኮት ሥር አስቀምጦት ነበር። መስታወት ያንን ጨረር እንደማያሳልፍ ማን ነገረው? አምፖሉ ቢኖር እንኳ ለዓይን እየበራ ጨረሩ ስለሚደክም ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ መቀየር እንዳለበት ማን ነገረው? ማንም። ሁለት ዓመት ተኩል የታዘዘውን ሁሉ አደረገ። ቡላን የሰበረው የታዘዘው ነገር ነው።

እንግዲህ ነጋዴዎቹን ስትጠይቋቸው መልሳቸው የታወቀ ነው፤ «ኃላፊነቱ የገዢው ነው፤ መረጃው በኢንተርኔት ሞልቷል።» ይህ መልስ ሐቅ መስሎ የቀረበ ማምለጫ ነው። እዚህ አገር ስትወልዱ በብዙ ሆስፒታሎች ነርሷ የሕፃኑ የመኪና ወንበር መኖሩን ሳታረጋግጥ አታሰናብታችሁም። «መረጃው ሞልቷል፣ ራሳችሁ ፈልጉ» አትልም። ያለ ጨረር እንደሚታመም እያወቁ ያለ ጨረር መሸጥ፣ ላዩ ላይም «ሁሉም አለ» ብሎ መጻፍ፣ የገዢ ስንፍና አይባልም፤ ገዢውን ማታለል ነው። «አምፖሉ ከተጨመረ ዋጋው ይወደዳል» ይላሉ። ይወደድ! ዋጋው ዛሬም ውድ ነው፤ ልዩነቱ ቀሪውን ሂሳብ ቡላ በአጥንቱ፣ እኔ ደግሞ በደመወዜ መክፈላችን ነው።

ሕጉስ? የአሜሪካ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1966 ወጥቷል። ያ ሕግ እንስሳ ብሎ የሚቆጥረው ደመ ሙቅ የሆኑትን ብቻ ነው። እንሽላሊት፣ እባብ፣ ኤሊ የሉበትም። አንዳንድ ግዛቶች የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ በፌዴራሉ ሕግ ዓይን ግን ቡላ እንስሳ አይደለም። ደሙ ቀዝቃዛ ስለሆነ አጥንቱ ሲሰበር አያመውም ያለ ማን ነው?

አሁን ወደ ወዳጄ ሳቅ ልመለስ። «አገር ቤት ሰው እያለቀ ስለ እንሽላሊት ታወራለህ?» የሚለኝ እሱ ብቻ አይደለም፤ ከእናንተም የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቁም ነገር ልመልስ።

አንደኛ፣ ነገሩ የእንሽላሊት ብቻ አይደለም። ቤቴ ውስጥ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለች። እነዚህ እንስሳት ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ። ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እንዳይነኳቸው ይመክራል። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ከእነዚሁ ቢርድድ ድራገኖች ጋር በተያያዘ ወረርሽኝ ከ30 በላይ ግዛቶች ውስጥ ከመቶ በላይ ሰዎች ታመዋል፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። እኔ ይህን ሳላውቅ የቡላን ሳህን የልጄ ጡጦ በሚታጠብበት ገንዳ አጥብ ነበር! ሐኪሟ ባትነግረኝ ዛሬም አጥባለሁ። ባልደረባዬ በላከልኝ ወረቀት ላይ ስለዚህ አንዲት ቃል የለችም። ስለዚህ ጉዳዩ የሰውም ነው።

ሁለተኛ፣ በዚያው ወር ለእናቴ የምልከው ገንዘብ አልቀረም። ለእንስሳ ያዘነ ለሰው የሚያዝነው ያልቅበታል የሚል ሕግ የለም። ቤቱ ያስገባውን ፍጡር ስቃይ ማየት የለመደ ሰው ግን ሌላውንም ማየት ይለምዳል።

ሦስተኛ፣ ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ብቻ አይምሰላችሁ፤ ንግዱ እኛም ደጃፍ ላይ አለ። ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ ምድር የአቦሸማኔ ግልገሎች ከእናታቸው ሥር እየተነጠቁ፣ በሶማሌላንድ በኩል ባሕር ተሻግረው፣ ለባሕረ ሰላጤው ሀብታሞች ሲሸጡ ዓመታት አልፈዋል። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ። ከደረሱትም አጥንት የሌለበት ሥጋ ብቻ የሚቀለበው ግልገል እንደ ቡላ አጥንቱ ይልማል። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ አደገኛ እንስሳትን በግል መያዝ ከልክላለች። በርካሽ ተገዝቶ፣ ለፎቶ ተፈልጎ፣ ሲታመም የሚጣል ፍጡር፤ ነገሩ እዚህም እዚያም አንድ ነው።

መፍትሔ የለም አይባልም። ኖርዌይ የሚሳቡ እንስሳትን በቤት መያዝ ለአርባ ዓመት ያህል ከልክላ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2017 ለ19 ዝርያዎች ብቻ ፈቀደች፤ የቡላ ዘሮችም ከተፈቀዱት ውስጥ ናቸው። መንግሥት ከፈለገ የትኛው እንስሳ ቤት ውስጥ መኖር እንደሚችል መወሰን ይችላል ማለት ነው። እኔ የምለው ከዚያ ያነሰ ነው። የጨረሩን አምፖል ሳያስይዝ እንሽላሊት የሚሸጥ ሱቅ ይቀጣ። የሳልሞኔላው ማስጠንቀቂያ በትልቁ ተጽፎ ለገዢው ይሰጥ። ደመ ቀዝቃዛውም በሕጉ እንስሳ ይባል።

ለእኛ ለወላጆችም አንድ ነገር አለኝ፤ ከራሴ ልጀምር። ቡላን ስቀበል የጠየቅኩት «ምን ይበላል?» ብቻ ነበር። አምፖሉ የምን ዓይነት ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረው መቼ ነው? ሐኪም አይቶት ያውቃል? በአካባቢያችን የሚያክመው አለ? አልጠየቅኩም። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለም? እዚህ የቀረው የአንድ ፍጡር ጤና ነው። ልጅ ስለለመነ ብቻ እስከ አሥር ዓመት ሊኖር የሚችል እንስሳ ቤት ማስገባት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አንዴ ከገባ ግን ዕዳው የእንስሳው ሳይሆን የእኛ ነው።

ቡላ ዛሬ አዲስ አምፖል አለው። ልጄ በየቀኑ ጠዋትና ማታ የካልሲየሙን ፈሳሽ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ጠብ ያደርግለታል፤ እጁንም በሳሙና ይታጠባል። መንጋጋው ጠንክሯል፤ ፌንጣም ይይዛል። የፊት እግሮቹ ግን አልተቃኑም፤ ሐኪሟ እንዳለችን ከእንግዲህም አይቃኑም።

ልጄ ለጠየቀኝ መልሴ ይኸው ነው። የሰበሩት አውቀው የሸጡት፣ አይተው ያለፉት ሕግ አውጪዎች፣ ሳንጠይቅ የተቀበልነውም ጭምር ነን። የምትስቁ ሳቁ። ቤታችሁ የመስታወት ሣጥን ያላችሁ ግን ዛሬ ማታ አምፖሉን አንዴ እዩት።

ሰላም ሁኑ።