ጨዋታ ተመልካች ስለ መሆን

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ሥርዐት ሲጻፍ መኖሩን ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ትልቁ ልጄ አንድ ነገር ጠይቆኝ መልሱ ስለ ከበደኝ ለእናንተ ላጫውታችሁ ወደድሁ። ጥያቄውም «አባባ፥ በሰው ፊት አልቅሰው ያውቃሉ?» የሚል ነበር።

እኔ በአምቦ ከተማ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ባለጉዳዮች ሲያለቅሱና ሲቈጡ ቃላቸውን በወረቀት አሰፍራለሁ እንጂ ፊቴን አልለውጥም። ይህንንም ጠባይ ያገኘሁት ከቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ የኔታ ዳዊት በምንደግምበት ጊዜ የሚስቀውንም የሚያለቅሰውንም እኩል ይቈጡ ነበር። ኋላ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ ግን ከትምህርት በኋላ ኳስ ያጫውቱን ነበርና፥ ሰው በደስታ ቢጮኽ ነውር እንዳልሆነ ያወቅሁት እዚያ ነው።

ለልጄም «አዎን፥ ሁለት ጊዜ አልቅሻለሁ፤ ሁለቱም በእግር ኳስ ምክንያት ነው» ብዬ መለስሁለት። ሦስተኛውን አልነገርሁትም።

ይህ ነገር በዘር የመጣ ሳይሆን አይቀርም። አባቴ ገና ወጣት ሳሉ፥ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፥ ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን፥ ኢትዮጵያና ግብጽ ለአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲገጥሙ ከተመልካቾቹ አንዱ ነበሩ። ግብጾች ሁለት ጊዜ ቀደሙ፤ የእኛዎቹም ሁለት ጊዜ ደረሱባቸው። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው አገቡና በ4 ለ 2 ኢትዮጵያ አሸነፈች። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቻኖ ቫሳሎ ሲሰጡ አባቴ አጠገባቸው የቆመውን የማያውቁትን ሰው አቅፈው ሳሙት። ሰውዬውም ባለ ባርኔጣ ሹም ነበርና እርሱም መልሶ ሳማቸው። ጥቂት ቆይቶ ግን ባርኔጣውን አቃንቶ፥ አይቷቸው እንደማያውቅ ሆኖ ሄደ። አባቴ ይህን ሲያወጉ እስከ ዛሬ ይስቃሉ፤ ከዋንጫው ይልቅ የሚያስታውሱት ያንን ባርኔጣ ነው።

እኔ በበኩሌ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በደመራ ዋዜማ፥ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10 ሺሕ ሜትር ከመቶ ዘጠኝ በሆነች የሰከንድ ክፍል ሲቀድመው በጎረቤት ቴሌቪዥን ተመልክቼ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼአለሁ። ያን ጊዜ አላለቀስሁም።

ያለቀስሁት ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ 31 ዓመት ሆኗት ነበር። በጳጉሜን በኦምዱርማን ከሱዳን ጋራ ገጥማ 5 ለ 3 ተሸንፋ ስለ መጣች፥ በአዲስ አበባ 2 ለ 0 ማሸነፍ ይበቃት ነበር። ከባልደረባዬ ጋራ ቅዳሜ በአውቶቡስ ተነሥተን በጊንጪ፥ በአዲስ ዓለምና በሆለታ በኩል 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፥ ከዘመድ ቤት አድረን፥ ገና ሳይነጋ በስታዲየሙ በር ተራ ያዝን። ተቀምጠን የተመለከትነው ካታንጋ ከሚባለው ወገን ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አንደኛውን፥ ሳላዲን ሰዒድ ሁለተኛውን አገቡ።

እንግዲህ ጭንቁ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሱዳኖች አንዲት ብቻ ቢያገቡ ሁሉ ነገር ይጠፋ ነበርና፥ ያ ሁሉ ሺሕ ሕዝብ ሰዓቱን እያየ፥ ኳሷ ወደ በረኛችን በቀረበች ቍጥር እንደ አንድ ሰው ትንፋሹን ይውጥ ነበር። አጠገቤ የነበረ የማላውቀው ወታደር ክንዴን እንደ ያዘ ቀረ፤ ምልክቱ ሦስት ቀን አልጠፋም። የዳኛው ፊሽካ ሲሰማ ወታደሩም እኔም ተቃቅፈን እንደ ሕፃን አለቀስን። የምለብሰውም ባርኔጣ አልነበረኝምና የማቃናው ነገር አላገኘሁም።

በዓመቱ፥ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፥ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄርያ ጋራ ስንገጥም በዚያው ወገን ነበርሁ። በኃይሉ አሰፋ አግብቶ መራን፤ ኢማኑኤል ኤሜኒኬ አቻ አደረጋቸው፤ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ይኸው ሰው በፍጹም ቅጣት ምት ደገመና 2 ለ 1 ተሸነፍን። ቅጣቱ በተሰጠ ጊዜ ዳኛውን በወረቀት በማይሰፍር ቃል ሰደብሁት። ችሎት የደፈረ ሰው ሲቀጣ መዝገቡን የምጽፍ እኔ ነኝ! ማታ አውቶቡሱ ሆለታን ካለፈ በኋላ፥ ከተሳፋሪው አንድም ቃል ሳይሰማ፥ እንባዬ መጣ። የዚያን ሌሊት እንባ ግማሹ ስለ ኳሱ፥ ግማሹ ስለ ስድቡ ነበር።

ሦስተኛው ይህ ነው። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. እሑድ፥ ፍልሰታ ሊፈታ አንድ ሌሊት ቀርቶት፥ በአምቦ ዝናም እየዘነመ፥ በአንድ ቡና ቤት የሪዮውን ማራቶን ለመመልከት ተሰብስበን ነበር። ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ የነበረው ልጄም ከጋቢዬ ሥር በጕልበቴ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከሯጮቹ አንዱ ፈይሳ ሌሊሳ፥ የእኛው የምዕራብ ሸዋ የጀልዱ ልጅ ነው። በዚያ ዓመት ከኅዳር ጀምሮ፥ ከጊንጪ በተነሣው ተቃውሞ በኦሮሚያ ብዙ ሰው መሞቱን አንባቢ ያስታውሳል።

ኬንያዊው ኤልዩድ ኪፕቾጌ ቀድሞ ገባ። ፈይሳ ሁለተኛ ሆኖ ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ለእልልታ ተነሣ። ወዲያው እርሱ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አንሥቶ አጣመራቸው፤ ይህም የተቃዋሚዎቹ ምልክት ነበር።

የተነሣው ሰው ሁሉ እንደ ተነሣ ቀረ። ጥቂቶች ጎረቤታቸውን፥ ብዙዎች በሩን ተመለከቱ። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ተቀምጠው ሲኒያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ሲኒው ግን ባዶ ነበር። በስታዲየም ብዙ ሺሕ ሰው ሲጮኽ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቤት ዝምታ ግን ጆሮዬን የመታው ነገር የለም። እኔም የመንግሥት ደመወዝተኛ ነኝና ወለሉን አየሁ።

ልጄ «አባባ፥ ለምን እጁን እንዲህ አደረገ?» ብሎ ትንንሽ እጆቹን ከጋቢው አውጥቶ ወደ ላይ አነሣ። እኔም ሁለቱንም ይዤ ወደ ታች አወረድኋቸውና በጋቢው ሸፈንኋቸው። ወደ ቤት እስክንገባም አልለቀቅኋቸውም።

ፈይሳ ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ከስደት ወደ አገሩ ሲመለስ በቴሌቪዥን አየነው። ባለቤቴ እልል አለች። ልጄም አጠገቧ ነበር፤ ያን የዝናም ቀን ግን አላነሣሁለትም።

ይህን ጽሑፍ ወደ ጋዜጣው ከመላኬ በፊት አስቀድሞ እንዲያነብበው ለእርሱ ሰጠሁት። አንብቦ ወረቀቱን መለሰልኝና «እጄን በጣም አጥብቀው ይዘውት ነበር፤ አስታውሳለሁ» አለኝ።