በጡረታ የተጀመረ ሀ ሁ

ዛሬ ስለ ክትባትም ስለ ደም ግፊትም አላወራም። አንድ የራሴን ስህተት ላጫውታችሁ።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ እኔ ጋ፣ በቾ ቦሬ መጣች። 13 ዓመቷ ነው። በመጣች በሁለተኛው ቀን ስልኳን ከፍታ አንድ የቁልፍ መያዣ አሳየችኝ። እንደ መስታወት ጥርት ባለ ነገር ውስጥ ሦስት የቡና ፍሬ ተቀምጧል። “እማማ፣ ቡናው ያለው እኛ ጋ፣ ይህን የሚሠሩት ሌሎች! እኛም እንሞክር” አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጄ ሥራ ፈትቶ ስለነበር እሺ ለማለት አልዘገየሁም። አባቷ ሁለት ጠርሙስና ጥቂት የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ ገዝቶ ላከልን።

ነገሩ ኢፖክሲ ሬዚን ይባላል። ዕጣንና ከርቤ ከዛፍ የሚገኙ ሙጫዎች ናቸው፤ ይህ ግን የፋብሪካ ውጤት ነው። በአንዱ ጠርሙስ ሬዚኑ፣ በሌላው ማጠንከሪያው አለ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሙቀት እየፈጠሩ ቀስ በቀስ እንደ ድንጋይ ይጠነክራሉ። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፒየር ካስታን የተባለ የስዊዘርላንድ ኬሚስት ይህን ነገር ሲያበጅ ያሰበው ለሰው ሠራሽ ጥርስ ነበር። ይህን ሳነብ “እንግዲያው የሙያችን ዘመድ ነው” ብዬ ተዝናናሁ። ስህተቴም ከመዝናናቴ ጀመረ።

ዕድሜ ልኬን መድኃኒት እየለካሁ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለሕፃን የሚሰጥ ሽሮፕ አንድም ቀን በግምት ቀድቼ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን “ጨዋታ ነው” ብዬ በዓይኔ ገመትኩ። እንዲያውም ቶሎ እንዲደርቅ ማጠንከሪያውን ጨመር አደረግሁበት። ማሸጊያው ላይ እኩል በእኩል ቀላቅሉ ይላል፤ የልጅ ልጄም አንብባ ነግራኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስንነካው እንደ ማር እጅ ላይ ይጣበቃል። ሬዚንና ማጠንከሪያ የሚዋሃዱት በተወሰነ ልክ ነው፤ የተረፈው ተጣማሪ አጥቶ ለዘላለም እንደረጠበ ይቀራል። ማጠንከሪያ ማብዛት አያፈጥነውም፣ ያበላሸዋል።

ሁለተኛው ስህተቴ የባሰ ነው። ቤቴ ውስጥ ከሥራ ዘመኔ የለመድኩት ዓይነት የላቴክስ ጓንት አይጠፋም። እሱን አጥልቄ ሠራሁ። በሳምንቱ የእጄ አንጓና የጣቶቼ መሐል ቀልተው ማሳከክ ጀመሩ፤ ከዚያ ሽፍታ ወጣ። ለደምና ለመግል የማምነው ጓንት ያልጠነከረ ኢፖክሲን በደንብ አይከላከልም፤ የሚሻለው ናይትራይል የሚባለው ነው። ደግሞ የኢፖክሲ አለርጂ እንደ ቃጠሎ ድኖ የሚረሳ አይደለም። ቆዳ አንድ ጊዜ ከጠላው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጥቂት ጠብታ እንኳ ይቀሰቅሰዋል፤ ብዙውን ጊዜም ዕድሜ ልክ ይዘልቃል።

ሽፍታውን ስታይ የልጅ ልጄ “እማማ፣ እኔስ?” አለችኝ። እጇን አገላብጬ አየሁ፤ ደህና ነው። ግን ያን ቀን ጓንቱ ትልቅ ሆኖባት “ያንቀረፍፈኛል” ስትል “ግድ የለም፣ አውልቂው” ያልኳት እኔ ነኝ። ለስንት እናት “ይህን ከልጅ አርቂ” እያልኩ የኖርኩት ሴትዮ! ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለእናቷም ደውዬ ነገርኳት።

እንግዲህ ልጆቻችሁ ይህን ሥራ ቢጠይቋችሁ፣ እኔ ቤት አሁን ያለውን ሕግ ልንገራችሁ። ፈሳሹን የሚነካው አዋቂ ብቻ ነው። ልጅቷ ንድፍ ታወጣለች፣ ፍሬውን ትመርጣለች፣ የጠነከረውን ታወጣለች። መስኮትና በር ይከፈታል፤ ማድ ቤትና መኝታ ቤት አይሠራም። የምንለካው ምልክት ባለው ኩባያ ነው፤ ከዚያ ለወጥ የሚሆን ዕቃ ወደዚያ አይገባም፣ ከዚያም ወደ ማድ ቤት አይመለስም። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በሳሙናና በውሃ እንጂ በቤንዚን ወይም በቀለም ማቅጠኛ አይታጠብም። ትራፊው በኩባያ ተከማችቶ ሲቀር በጣም ሊግል ስለሚችል በስስ ይዘረጋል፤ ሲደርቅ ይጣላል እንጂ ቦይ ውስጥ አይደፋም። የደረቀውን መሞረድ ካስፈለገም አቧራው እንዳይተነፈስ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል። አስም ያለበት ልጅ ግን ከዚህ ሥራ ቢርቅ ይሻለዋል።

ቡናውም አስተምሮናል። የተቆላ ፍሬ ውስጡ አየር አለው፤ እንዳለ ሲነከር አረፋ ይሞላዋል። መጀመሪያ ፍሬውን በስሱ ቀብቶ ማድረቅ፣ ከዚያ ማፍሰስ ነው። በጅማ የክረምት ብርድ ደግሞ ሬዚኑ ይወፍራል፣ አረፋውም አልወጣም ይላል፤ ጠርሙሱን እንደታሸገ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይረዳል።

እጄ እስኪድን ጎረቤቴ ዘንድ ስፌት መማር ጀመርኩ። በልጅነቴ እናቴ “ነይ ተማሪ” ስትለኝ ደብተሬን ይዤ እሸሽ ነበር። አሁን ወስፌ ይዤ ሌማት ልሰፋ ስል ጠርዙ እንደ ኮፍያ ወደ ላይ ይነሣብኛል። ጎረቤቴ ታይና “ሲስተር፣ ፍቺው” ትለኛለች። አልቆጣም፤ እፈታለሁ። ስንደዶውን በውሃ አርሼ እንደገና እጀምራለሁ። በስፌት ስህተት ይፈታል፤ በሬዚን አይፈታም። ለጀማሪ፣ በተለይ ለልጅ፣ የሚፈታውን ማስቀደም ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ሀገራችንም ለዚህ አልሰሰተችም። ባለሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ እዩት፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል እንጂ ሚስማርም ሙጫም አያውቅም። የሚጠርበው ሰው እጁን ያፈታው ከጎኑ ሆኖ “ተው፣ እንዲህ ነው” የሚለው ስለነበረ ነው። እኔም ጎኔ አስተማሪ ነበረችኝ፤ ማሸጊያውን አንብባ “እኩል በእኩል ይላል” ያለችኝ። 13 ዓመቷ ስለሆነ አልሰማኋትም።

መስከረም ላይ ስትሄድ በትክክል የጠነከሩ አራት ቁልፍ መያዣዎች ይዛ ሄደች፤ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፣ በናይትራይል ጓንትና በረጅም እጅጌ፣ እሷ እየለካች እያነበበችልኝ፣ ከበሩ ማዶ ቆማ። የመጀመሪያው፣ የሚጣበቀው፣ ፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኔ ላይ አለ። ልጥለው ስል “እማማ፣ አትጣይው፣ የገናን ስመጣ አየዋለሁ” ብላኛለች። ሌማቴን እስከዚያ ለመጨረስ ቃል ገብቻለሁ፤ እስካሁን ሦስት ጊዜ ፈትቼዋለሁ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።