ስለ ትግል ትምህርት

ከግሽ ዓባይ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ድረስ፤ ሕፃናትንና ጐልማሶችን ባንድነት ጁጂትሱ የተባለውን የጃፓን ትግል ለማስተማር የሚያስብ ሁሉ፤ ብርቱው ደካማውን እንዳይሰብር አስቀድሞ ይጠንቀቅ።

ጂጎሮ ካኖ የተባለው ጃፓናዊ መምህር በ1874 ዓ.ም. ኮዶካንን በቶኪዮ ሲያቋቁም፤ ከጁጂትሱ ጁዶን አወጣ፤ አደገኛውን ስልት ከልምምድ ግጥሚያ አስቀረ፤ ሳይጐዱ መውደቅንም የትምህርቱ መሠረት አደረገ።

ታላቁ ለታናሹ መጠንቀቁ ለጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም። በዋሸራ ቅኔ ቤት ታላቅና ታናሽ ባንድ ጉባኤ ይውላሉ፤ የበሰለውም ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ የጀማሪውን ቅኔ ያርማል።

ስለዚህ መምህራንን የምትመርጡ ሹማምንትና ሕዝቡን የምትመክሩ ካህናት ሆይ፤ ታላቁን ለታናሹ ደኅንነት ኃላፊ አድርጉት። ሽልማቱም ብዙ ለጣለው አይሁን፤ አብሮት የታገለው ታናሽ በደኅና ወደ ቤቱ ለገባለት ይሁን።