ዘንዶው ሲታመም ጥፋተኛዋ ሠራተኛዋ ናት?

እህቶቼ፣ እዚህ አገር በቤት ውስጥ የሚኖረው ድመትና በቀቀን ብቻ አይደለም። ዘንዶ በመስታወት ሳጥን የሚያሳድጉ ቤቶችም አሉ። ሳጥኑን የምናጸዳው፣ ውሃውን የምንቀይረው ደግሞ እኛ ነን። እንስሳው ደህና እስከሆነ ድረስ የባባ ነው፣ የልጁ ነው። መብላት ያቆመ ቀን ግን የእኛ ይሆናል። «ምን አበላሽው? ምን ረጨሽበት?» ይመጣል። «ሲህር አድርጋበት ነው» እስከማለት የሚደርስም አለ።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። መጀመሪያ የበሽታው ምክንያት ይፈለግ፤ ጥፋተኛ የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው። እኛም ሳይመረመር «አዎ እኔ ነኝ» ማለት የለብንም።

አንዳንድ እህቶች «ይቅርታ ብለሽ ዝም በይ፣ ያልፋል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ኢቃማችን በማን እጅ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ዝምታ እንደ ማመን ይቆጠራል። እኔ በሠራሁበት አንድ ቤት ዘንዶው ሞተና የአንድ ወር ደመወዜ ተቆረጠ። ሐኪም አላየውም፣ ማንም አልመረመረውም። እኔ እዚያ ቤት ከገባሁ ገና ሦስት ወር አልሞላኝም ነበር።

የእባብ በሽታ ደግሞ በዓይን አይቶ የሚፈረድበት ነገር አይደለም። ቦኣና ፓይተን የሚባሉትን ዘንዶዎች የሚይዝ አንድ ክፉ በሽታ አለ። የያዘው ዘንዶ የበላውን ያስመልሳል፣ ይከሳል፣ አንገቱን አጣሞ ወደ ላይ ያያል፣ ሲገለበጥ መነሳት ያቅተዋል። በሽታው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ዓመት ግራ ሲያጋባ ቆየ። በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እነ ጆሴፍ ዴሪሲና ማርክ ስቴንግላይን ከታመሙ እባቦች ናሙና ወስደው ሲመረምሩ አዲስ ቫይረስ አገኙ። በሰው ላይ ላሳ የሚባለውን ትኩሳት ከሚያመጣው ቫይረስ ጋር ዘመድ ነው።

ከዚያ በኋላ ቫይረሱን ለጤነኛ ዘንዶዎች ሰጥተው ተከታተሉ። ፓይተኖቹ በሁለት ወር ውስጥ በጠና ታመሙ። ቦኣዎቹ ግን ቫይረሱን በደማቸው ይዘው ሁለት ዓመት ምንም ምልክት አላሳዩም። እስቲ አስቡት! ዘንዶው በሽታውን ይዞ ከሱቅ ሊመጣ ይችላል፤ አንቺ አገርሽ እያለሽ ማለት ነው። የተማሩት ሰዎች ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጅቶባቸው፣ ማዳም በአንድ ማታ እንዴት አወቀችው?

በእርግጥ ሁሉም ነገር ቫይረስ አይደለም። እባብ ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ነው። ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ ከነፈሰበትና የማሞቂያው አምፖል ከተቃጠለ፣ የበላው አይፈጭለትም፣ ያስመልሳል። ከበላ ሁለት ቀን ሳይሞላው ልጆች ቢያገላብጡትም እንደዚያው ነው። አየሩ በጣም ከደረቀ ቆዳውን በደንብ አይገፍም። ነጥብ የሚያካክሉ ጥቁር ተባዮች ውሃው ውስጥ ከታዩ ደሙን የሚመጡት እነሱ ናቸው። የበረሮ መርዝ አጠገቡ መርጨትም ሊገድለው ይችላል። «ክፍሉን ርጪ» ብትባዪ እንኳ መጀመሪያ እባቡ ከክፍሉ እንዲወጣ ጠይቂ።

ስለዚህ ሳጥን የምታጸዳ ሁሉ ደብተር ትያዝ። በአማርኛ ይሁን፣ ግድ የለም። መቼ በላ? ምን ያህል? አስመለሰ? ቆዳውን መቼ ገፈፈ? ሙቀት መለኪያው ስንት አለ? ማን ነካው? የተለየ ነገር ካየሽ ያኑ ቀን ለማዳም ተናገሪ፤ የተናገርሽበትን ቀንና ሰዓትም ጻፊ። ሳይፈቀድልሽ ግን ፎቶ አታንሺ፣ ሌላ ክስ ይመጣብሻል። ከሞተም «የእንስሳት ሐኪም በድኑን ይመርምረው» በይ። እስኪወሰድ በላስቲክ ተጠቅልሎ በበረዶ መካከል ይቀመጥ፤ ፍሪዘር ውስጥ ከገባ ግን ምርመራው ይበላሻል። እጅሽን ሁልጊዜ በሳሙና ታጠቢ፤ ጤነኛ የሚመስል እባብም ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥ የሚያመጣ ተሕዋስ ይይዛል።

«ለእባብ ይህን ያህል?» የምትል እህት ትኖራለች። እኔም ለእባቡ ብቻ አይደለም የምጽፈው። ለሐኪም የሚከፈለው ገንዘብ በዛ ተብሎ የሠራተኛ ደመወዝ ሲቆረጥ፣ ርካሹ ምርመራ እኛን መክሰስ ሆኗል ማለት ነው። ዘንዶ መግዛት የቻለ ሰው ማስመርመርም አለበት። አዲስ ቤት ስትገቢ ሳጥኑን ካየሽ «ይህን እንስሳ የሚንከባከበው ማነው? ሲታመም የሚያየው ሐኪምስ?» ብለሽ ጠይቂ። ይህ የሚጠየቀው ሥራውን ከመረከብሽ በፊት ነው።