የቀራውን እናውቃለን፣ የቀዳውንስ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

  

ሰሞኑን ለጉዳይ ወደ ሞጆ ወርደን ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የሞጆ ደረቅ ወደብ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከጅቡቲ በኮንቴይነር የሚመጣው ጭነት በብዛት የሚራገፍበት፣ ባሕር የሌለው ወደብ ሆኗል። በአካባቢው ረጃጅም ተሳቢዎች ተሰልፈው ወረፋ ይጠብቃሉ። ሹፌሮች በመኪናቸው ጥላ ሥር ሻይ ያፈላሉ፤ ዙህር ሲደርስም ከጀሪካን ውሃ ቀንሰው ውዱእ ያደርጋሉ።

ከአንዱ መኪና ጋቢና ውስጥ በስልክ የተከፈተ ቁርአን ይሰማ ነበር። ወጣቱ ረዳት ጎማ እየፈተሸ ቀና ብሎ ሹፌሩን፦

«ጋሼ፣ ይህን ማን ነው የቀዳው?» አላቸው።

«ሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ናቸዋ! ስንቴ ነገርኩህ?»

«እርሳቸውማ የቀሩት ናቸው። እኔ የምለው የቀዳውን ነው።»

ሹፌሩ ጥቂት ዝም አሉ። «ወላሂ፣ እሱን እንኳ አላውቅም» አሉና ወደ እኛ ዞር አሉ፤ የምናውቅ መስሏቸው ነው። እኛም አላወቅንም። የረዳቱ ጥያቄ ግን እስከ ቤታችን ተከተለን፤ የዚህን ወር ዓምድም ለእርሱ ለመስጠት ወሰንን።

በቋንቋችን ድምፅ ይቀዳል፣ ውሃም ይቀዳል። ከምንጭ የቀዳ ሰው እንስራውን ለጠጪው አቀብሎ ዞር ይላል፤ ጠጪውም የሚያመሰግነው ምንጩን ነው። ድምፅ የሚቀዳውም እንዲሁ ነው። ሥራውን አሳምሮ ከሠራ እርሱ ከነመኖሩ ይረሳል። ስሙ የሚነሳው ቅጂው ሲበላሽ ብቻ ነው። ይህ ግን ባለውለታን መርሳት አይደለምን?

የኢስላም ታሪክ የመያዝንና የማስተላለፍን ሥራ ከትልልቅ አማናዎች ቆጥሮታል። ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕልፈት በኋላ፣ በ12ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ በተደረገው የየማማ ጦርነት ቁርአንን በልባቸው የያዙ ብዙ ሶሐቦች ሸሂድ ሆኑ። ዑመር (ረ.ዐ) ይህን አይተው ቁርአን በአንድ ላይ እንዲሰበሰብ ለኸሊፋው ለአቡበክር (ረ.ዐ) ሐሳብ አቀረቡ። አቡበክር በመጀመሪያ አመነቱ፣ በኋላም ተቀበሉት። ሥራው ለወጣቱ ለዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ) ተሰጠ። ዘይድም ተራራ ከቦታው አንሳ ቢባል ከዚህ እንደሚቀለው እስኪሰማው ድረስ ኃላፊነቱ ከብዶት ነበር። አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ሰብሳቢውን ያስነሳው የቃሪዎች ሞት ነው።

ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመታት በኋላ ያው ሥጋት በካይሮ ተደገመ። ሸይኽ ሙሐመድ ሪፍዓት ዓይነ ስውር ነበሩ፤ በዘመናቸው በግብጽ የታወቁ ቃሪእም ነበሩ። የግብጽ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1934 ሲከፈት የመጀመሪያው ድምፅ የእርሳቸው ቲላዋ ሲሆን፣ የቀሩትም ከሱረቱል ፈትሕ ነበር። በ1940ዎቹ ግን የማይለቅ ስቅታ ያዛቸውና ያ ድምፅ ተቋረጠ። ወዳጆቻቸው ለሕክምና ገንዘብ ቢያሰባስቡ አልቀበልም አሉ። በ1950 ወደ አኼራ ሄዱ። በዚያን ጊዜ የሬዲዮ ስርጭት በቀጥታ የሚተላለፍ እንጂ ሁልጊዜ ተቀድቶ የሚቀመጥ ስላልነበር፣ የሸይኹ ድምፅ እንደ ጢስ በኖ ሊቀር ይችል ነበር።

ያልቀረው በአንድ ወዳጃቸው ምክንያት ነው። ዘከሪያ ሚህራን የተባሉት ሰው የሸይኹን ቲላዋ እጅግ ከመውደዳቸው የተነሳ መቅጃ መሣሪያ አስገብተው፣ ሸይኹ በሬዲዮ በሚቀሩበት ሰዓት ከቤታቸው ሆነው ሸክላ ላይ ይቀዱ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አልከፈላቸውም። በኋላ ቅጂዎቹ ከቤተሰባቸው ለሬዲዮ ጣቢያው ተሰጡ። ዛሬ የሸይኽ ሪፍዓትን ድምፅ የምንሰማው በአብዛኛው በእኚህ ሰው ትጋት ነው። በአንዳንዶቹ ቅጂዎች ላይ የሸክላው መንሿሿት ይሰማል። ለእኛ ግን ያ መንሿሿት ሳይታክት የተቀመጠ የአንድ ወዳጅ እስትንፋስ ይመስለናል።

ወደ ሞጆው ቲላዋ እንመለስ። ሸይኽ አል-ሑሰሪ (1917–1980) ሙሉ ቁርአንን በድምፅ እንዲቀሩ ሐሳቡን ያመነጩት ለቢብ አል-ሰዒድ የተባሉ ግብጻዊ ናቸው። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1959 የቁርአን ጥበቃ ማኅበር ሊቀ መንበር ሳሉ፣ አዋቂ ቃሪዎች አንድ በአንድ ሲያልፉ ትክክለኛው አቀራር አብሯቸው እንዳይቀበር ፈሩ። ቁርአን በአቡበክር ዘመን በጽሑፍ እንደተሰበሰበ፣ አሁን ደግሞ በድምፅ ይሰበሰብ አሉ። በመጀመሪያ ገንዘብ ቸገራቸው፤ በኋላ የግብጽ መንግሥት ሥራውን ደገፈ። የተጅዊድ ሊቃውንት ጉባኤ ተሠየመ፤ ሸይኹ ሲቀሩ ጉባኤው ያዳምጣል፣ ስሕተት ከተገኘም ያ ቦታ እንደገና ይቀራል። በሐፍስ ሪዋያ የተቀዳው ሙሉ ቁርአን በ1961 በሸክላ ታትሞ ወጣ። በ1964 የካይሮ የቁርአን ሬዲዮ ሲከፈት መሠረቱ ይኸው ቅጂ ሆነ።

እንግዲህ ያ ረዳት የጠየቀው ሰው አንድ ሰው አልነበረም። ሐሳቡን ያመጣ አለ፣ የቀራ አለ፣ ያረመ አለ፣ ገንዘብ ያወጣ አለ። ከመስተዋቱ ወዲያ ደግሞ ስማቸውን የማናውቃቸው የሬዲዮ ባለሙያዎች አሉ። የድምፅ ባለሙያ ማይክሮፎኑን አያርቅ፣ አያቀርብ፤ ከራቀ ድምፁ ይሳሳል፣ ከቀረበ ትንፋሽ ይገባበታል። በዚያ ዘመን የተበላሸ ቦታ ሲገኝ ክሩ በመላጭ ተቆርጦ በማጣበቂያ ይቀጠል ነበር። እጁ ለአንድ አፍታ ቢስት አንድ ፊደል ይጠፋል። ቁርአን ላይ አንድ ፊደል መጥፋት ምን እንደሆነ ለናንተ አንነግራችሁም። ይህ ሥራ ኢሕሳንን የሚሻ አማና ነው። ዛሬ ቲላዋ ሲቀዱ ፊደል ከፊደል እስኪደባለቅ ድረስ ማስተጋቢያ የሚጨምሩ ወንድሞቻችን ይህን ቢያስቡት እንወዳለን።

በአገራችንስ? በሸክላ ላይ ከቀሩልን ቀደምት የኢትዮጵያ ድምፆች መካከል የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ቅጂዎች ይገኛሉ። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1908 በአጼ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን የተላኩት የመኪና ሙያ ሊማሩ ነበር፤ በዚያው ድምፃቸው በሸክላ ተቀረጸ። የሞጆ ሹፌሮች ይህን ቢሰሙ ፈገግ ይላሉ ብለን እናስባለን። እዚህም ያዜመውን እናውቃለን፤ የቀዳውን ግን አብዛኛዎቻችን አናውቅም።

የወሎ ኡለማዎቻችን ግን ይህን ዕድል አላገኙም። በአማርኛ መንዙማ ብዙዎችን ያስተማሩት ሸይኽ ጦልሃ ኢብን ጃዕፈርና የሾንኬው ሸይኽ ጀውሀር ኢብን ሐይደር ከዚህ ዓለም የተለዩት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። ካሴት የሚባለው ነገር የወጣው ደግሞ በ1963 ነው። ቃላቸው በዓጀሚ ጽሑፍና በደረሶቻቸው አፍ ደረሰን፤ ድምፃቸው ግን በካሴት አልደረሰንም። በመንዙማ ላይ የሰዎች አስተያየት ይለያይ ይሆናል። የአባቶቻችን ዕውቀት በምን ቋንቋና በምን ዜማ እንደተላለፈ ማወቅ ግን ለሁላችንም ይጠቅማል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በሩ ሲከፈት መጽሔቱ፣ መጽሐፉና ካሴቱ አብረው በዙ። የዳዕዋ፣ የተፍሲርና የመንዙማ ካሴት በየሱቁ ተሸጠ፣ በየቤቱ ተገለበጠ። የዚያን ዘመን አቀዳድ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አንዱ ባትሪ ይገዛል፣ አንዱ ቴፑን ከሸይኹ ፊት ያስቀምጣል፣ አንዱ ልጆቹን ዝም ያሰኛል፤ እናት ከጓዳ ሙቀጫዋን ታቆማለች። ካሴቱ ሲያልቅ የሚገለብጠው ልጅ ዓይኑን ከክሩ አይነቅልም። በመጨረሻም አንድ ሹፌር ኮፒውን ጋቢናው ውስጥ ያስገባና ወደ አዋሽ፣ ወደ ሚሌ ይዞት ይሄዳል። ያ ሁሉ ሰው ቀጂ ነበር። አንድ ድምፅ የሚተርፈው አንድ ጀማዓ ሲሸከመው ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንናገር ብናልፍ አግባብ አይሆንም። በልጅነታችን ቁርአን ያስቀሩን ሸይኽ ድምፅ በቤታችን በአንድ ካሴት ላይ ነበር። አንድ ቀን ባዶ ካሴት አጣንና የእግር ኳስ ጨዋታ ቀዳንበት። ሸይኹ ካለፉ በኋላ ካሴቱን ፈልገን ከፈትነው፤ ጩኸቱ ብቻ መጣ። ጨዋታው አልቆ ክሩ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ግን የሸይኹ ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ ብቅ አለ። ለአንድ ልጅ ፊደል እያረሙለት «እንደገና» ይሉታል። ከዚያ ክሩ አለቀ። ከእርሳቸው ድምፅ የቀረን ይህች ቃል ብቻ ናት።

ይህ በሌላ ቤት እንዳይደገም ነው የምንጽፈው። በሞጆ፣ በአዳማ፣ በመቂ፣ በሻሸመኔ በየሳጥኑ ውስጥ ስንት ካሴት ተቀምጦ ይሆን? የካሴት ክር በላዩ የተለቀለቀው ብናኝ ነው ድምፁን የሚይዘው። ሙቀትና እርጥበት ያንን ያራግፈዋል። የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ባረፈበት መስኮት ሥር የተቀመጠ ካሴት ለብዙ ጊዜ አይቆይም። ስለዚህ የሚከተለውን እንድታደርጉ እንመክራለን።

ካሴቱን ከፀሐይ፣ ከምድጃና ከትልልቅ ድምፅ ማጉያ አርቁት፤ የድምፅ ማጉያው ማግኔት ድምፁን ሊያጠፋው ይችላል። ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ስበሩ፤ ከዚያ በኋላ በስሕተት ሌላ ነገር አይቀዳበትም። ይህን ብናውቅ ኖሮ ሸይኻችን ዛሬ አብረውን ነበሩ። ከማጫወታችሁ በፊት የቴፑን ራስ በአልኮል በነከረ ጥጥ ጥረጉ። ክሩ ከተበጠሰም አትጣሉት፤ ባለሙያ ሊቀጥለው ይችላል። ከዚያም የቴፑን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ ሳታሳንሱ በሙሉ ጥራቱ ቅዱት፤ ለስልክ የሚሆነውን ትንሹን ኮፒ ከእርሱ አውጡ። ሁለት ኮፒ አድርጋችሁ በሁለት ቤት አስቀምጡ።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህ ሥራ የናንተ ነው። በኪሳችሁ ያለው ስልክ ዘከሪያ ሚህራን ከነበራቸው መሣሪያ ይበልጣል። ከመቅዳታችሁ በፊት የሸይኹን ወይም የቤተሰቡን ፈቃድ ጠይቁ። በቅጂው መጀመሪያ ላይ የሸይኹን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በድምፅ ተናገሩ። የቀዳውንም ሰው ስም ጨምሩ፤ ለዝና ሳይሆን ዱዓ የሚያደርግለት ሰው እንዲያውቀው ነው።

ለብቻችን ነን እንዳትሉ። በሐረር አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የተባሉ ሰው በግል ጥረታቸው የከተማቸውን ቅርስ ከየቤቱ ሰብስበው ሙዚየም አቋቁመዋል። ከብዙ የቁርአንና የኪታብ እጅ ጽሑፎች ጎን የድሮ የሐረሪ ዜማ ቅጂዎችንም ይዘዋል። የጀመሩት በአንድ ሰው ሐሳብ ነው፤ የሞላው ግን በራቸውን ከፍተው በሰጡ ቤተሰቦች ነው።

የሰው ልጅ ሲሞት ከሥራው ከማይቋረጡት መካከል ሰደቀቱል ጃሪያና የሚጠቅም ዕውቀት እንደሚገኙ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ቲላዋው በተከፈተ ቁጥር የቀራው ብቻ ሳይሆን የቀዳውም፣ ያረመውም፣ ባትሪ የገዛውም ከአጅሩ እንደሚካፈል ተስፋ እናደርጋለን። እኛ ስማቸውን ባናውቅም አላህ (ሱ.ወ) ያውቃቸዋል።

ከሞጆ ስንወጣ ያ ተሳቢ ወረፋው ደርሶት ወደ ውስጥ ገባ። ረዳቱ ከጋቢናው መስኮት እጁን አወዛወዘልን። ጥያቄውን የጠየቀን ወንድማችን ይህን ካነበበ፣ ሙሉ መልስ ባናገኝለትም ዱዓችን ይድረሰው። አላህ የቀሩልንንም የቀዱልንንም ይዘንላቸው፤ እኛንም አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።